ቤታችን እየቆላን የተቆላ ቡና ለምን እንገዛለን?

ቡና በየቤቱ በሚቆላበት አገር የተቆላ ቡና በከረጢት አሽጎ መሸጥ እንግዳ ነገር ነው። ጎንደር ላይ አንድ ወጣት ትንሽ የቡና መቁያ ማሽን ተክሎ ሩብ ኪሎውን ከቅዳሜ ገበያ ዋጋ በእጥፍ ቢያቀርብ፣ እናቶች መጀመሪያ የሚሉት "ታዲያ እኔ እቤቴ ቆልቼ አልጠጣም?" ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስፔሻሊቲ ቡና የሚባለውን ነገርም (በጥራቱ ተመርጦ ለብቻው የሚያዘውን ቡና) ሆነ ይህን ቡና በራሳቸው እየገዙ የሚቆሉትን ትናንሽ ነጋዴዎች ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ቤቷ የምትቆላ እናት በእሳትና በዓይን ሥራ ከማንም አታንስም። ከአቅሟ ውጭ የሆነው ጥሬው ነው። ገበያ ላይ የምታገኘው ቡና ከየትኛው ወረዳ እንደመጣ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደከረመ፣ ከስንት ዓይነት ቡና ጋር እንደተደባለቀ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቀውም። ጥሩ ቡና ቆዪ ገንዘብ የሚያስከፍለው በዋናነት ለዚህ ነው፤ ምንጩን የሚያውቀውን፣ ቀምሶ የመረጠውን፣ በየዙሩ አንድ ዓይነት አድርጎ የሚያወጣውን ቡና ስለሚሸጥ። ይህን የማያደርግ ከሆነ ማሽኑ ጀርመን ሠራሽ ቢሆንም እጥፍ ዋጋ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም።

ጥሩው ቡና ጎንደር ሳይደርስ የሚቀረው ለምንድን ነው?

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራሷ ትጠጣለች። የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቡና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ በመሆኑ፣ የኤክስፖርት ደረጃ ያሟላ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረዥም ዘመን በሕግ ተከልክሎ ኖሯል። ለእኛ ሲቀር የኖረው ደረጃውን ያላሟላው ነው፤ በኤክስፖርት ማዘጋጃ ተለቅሞ የወጣው፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበላው፣ ሳይበስል የተለቀመው። በንግዱ ቋንቋ ተረፈ ምርት ይባላል። ቡና የሚያበቅል አካባቢ የሚኖር ሰው ከጓሮው ወይም ከጎረቤቱ የተሻለውን ያገኛል። ጎንደር ግን ከቡና አምራቹ ደቡብና ምዕራብ ሩቅ ናት። ወደዚህ የሚመጣው ቡና በብዙ እጅ አልፎ፣ በየእጁም ተደባልቆ ነው።

የጎንደር ነጋዴ የዚህን ጉዳይ ሌላኛውን ገጽታ ከሰሊጥ ያውቀዋል። ከመተማ ወይም ከቋራ የተጫነ ሰሊጥ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘን ሲደርስ ናሙና ይወሰድለታል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ከዚያ ከመሰሉ ጋር ይከማቻል። የማን ማሳ እንደነበረ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም፤ የሚሸጠው ደረጃው ነው። ለሰሊጥ ይህ አሠራር ጥሩ ነው። ሻጩ ገንዘቡን በጊዜ ያገኛል፣ ገዢውም ምን እንደሚገዛ ያውቃል፤ ሰሊጥ ደግሞ ዘይትና ጣሂና ለመሆን የአባቱን ስም አይፈልግም።

ቡና ላይ ሲመጣ ነገሩ ይለያል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ ቡና በ2001 ዓ.ም. ሲገባበት፣ በሁለት ተራራ መካከል ያለው የጣዕም ልዩነት በአንድ ደረጃ ስር ተጠቃሎ ጠፋ። የውጭ ገዢዎች "ይህ ቡና የየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ (ቀዩ ፍሬ ተገልፍፎ የሚታጠብበት ቦታ) ነው?" ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጣቸው አጡ። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1051/2009፣ ይህን አሠራር ላላ ካደረጉት እርምጃዎች አንዱ ነው። አሁን በቀጥታ ትስስር አቅራቢና ላኪ ተገናኝተው ምንጩ የታወቀ ቡና መገበያየት ይችላሉ። ለውጡ በዋናነት የጠቀመው ለውጭ የሚሸጠውን ቡና ቢሆንም፣ የአገር ውስጥ ቆዪም "ይህ ቡና የማን ነው?" ብሎ መጠየቅ የሚችልበትን ልማድ አምጥቷል።

ዋጋው ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ዮርክ ገበያ አረቢካ የተባለው የቡና ዝርያ ፓውንዱ (ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ ክብደት) ከ4 ዶላር አልፎ ከዚያ በፊት ያልታየ ዋጋ ላይ ደረሰ። ሁለቱ ሲደማመሩ ላኪው ለገበሬው የሚያቀርበው ብር በብዙ ጨመረ። ለገበሬው ይገባዋል፤ በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ግን ጎንደር ላይ ሩብ ኪሎ የምትገዛ ሴትም ከዚያ ጀምሮ የምትሻማው ከውጭ ገዢ ጋር ነው።

እኔ የማምነውን እዚህ ላይ በግልጽ ልበል። ለትናንሽ ቆዪዎች ጥቂት ኩንታል የኤክስፖርት ደረጃ ቡና በሕጋዊ ደረሰኝ እንዲገዙ የማያሻማ በር ቢከፈትላቸው፣ አገሪቱ የምታጣው ምንዛሪ ኢምንት ነው። ትርፉ ግን ብዙ ነው፤ ቡናን ለዓለም የሰጠ ሕዝብ የራሱን ምርጥ ቡና ቀምሶ ያውቀዋል፣ ጥራት ላይ የሚደክም ገበሬም ከውጭ ገዢ ሌላ ደንበኛ ያገኛል።

ስፔሻሊቲ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ስሙን እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀችው ኤርና ክኑትሰን ናት፤ ኖርዌይ ተወልዳ አሜሪካ ውስጥ በቡና ንግድ የሠራች ሴት። ያለችው ነገር ቀላል ነበር፦ ልዩ አፈርና ልዩ አየር ልዩ ጣዕም ያለው ፍሬ ይሰጣል፣ ስለዚህ ለብቻው ይያዝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመለኪያ ታስሯል።

በንግዱ የተለመደው መለኪያ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ 350 ግራም ጥሬ ቡና ተዘርግቶ በእጅ ይለቀማል። ሙሉ በሙሉ የጠቆረ፣ የኮመጠጠ ወይም የሻገተ አንድ ፍሬ እንኳን ከተገኘ ያ ቡና ስፔሻሊቲ አይባልም። እንደ ትንሽ ስባሪና ቀላል የነቀዝ ቀዳዳ ያሉ ቀላል ጉድለቶች እስከ አምስት ድረስ ይታለፋሉ። ቀጥሎ ቅምሻ ነው። ናሙናው ቀላ ተደርጎ ይቆላል፤ 8.25 ግራም ደቅቆ በስኒ ውስጥ ይገባል፤ ወደ 93 ዲግሪ የሞቀ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ሲሞላ ቀማሹ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ደቃቅ በማንኪያ ገፍቶ ይሰብራል፣ አፍንጫውን ወደ ስኒው አስጠግቶ ያሸታል። ትንሽ ሲበርድ በማንኪያ እየቀዳ ድምፅ አውጥቶ ይስበዋል፤ ምላሱን ሁሉ እንዲያዳርስለት ነው። ከአንድ ቡና አምስት ስኒ ይቀመሳል፤ አራቱ ጥሩ ሆነው አምስተኛው ቢበላሽ ነጥብ ይቀንሳል። ሽታ፣ ጣዕም፣ ከዋጡት በኋላ አፍ ላይ የሚቀረው፣ ኮምጣጣነቱ፣ ውፍረቱ፣ ጣፋጭነቱ እያንዳንዱ ነጥብ አለው። ከ100 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ስፔሻሊቲ ነው።

ከ80 በላይ ያለው ሰፊ ዓለም ነው። በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ በተካሄደው የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና ከ91 ነጥብ በላይ አግኝቶ፣ በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። ያ ቡና ጎንደር ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። 82 እና 83 ነጥብ ያለው ቡና ግን ሊደርስ የሚችል፣ ከለመድነውም በግልጽ የሚለይ ነው።

ስለ ጣዕም ሲወራ የሚያስቸግር ነገር አለ። ከረጢቶቹ ላይ የሚጻፉት ጃስሚን፣ ቤርጋሞት፣ ብሉቤሪ የሚሉ ስሞች እዚህ አገር ለብዙ ሰው ምንም አይነግሩም። ቀማሾቹ እንዲህ የሚጽፉት ገዢያቸው የሚያውቀውን ፍሬ ስለሚፈልጉ ነው። ለእኛ ሰው የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና የትርንጎ ልጣጭና የአበባ ሽታ አለው ብንለው ይገባዋል። ከነገለፈቱ የደረቀ የሐረር ቡና የአጋም፣ የበሰለ እንጆሪ፣ አንዳንዴም የጠጅ ነገር ያሸታል። ጎንደር ውስጥ የሚሠራ ቆዪ ከረጢቱ ላይ እንዲህ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ራሱን የቻለ ቆዪ

በታላላቅ የዓለም ከተሞች ራሳቸውን የቻሉ ትናንሽ ቆዪዎች የተነሡት ፋብሪካ ቆልቶ በጣሳ የሚሸጠው ቡና ስለሰለቻቸው ነው። አልፍሬድ ፒት እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያዋ በርክሊ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ትኩስ ቆልቶ መሸጥ ጀመረ። በ1971 ሲያትል ላይ ስታርባክስን የከፈቱት ሰዎች መጀመሪያ የተቆላ ቡና የሚወስዱት ከእሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በቺካጎ ኢንተሊጀንሺያ፣ በደርሃም ካውንተር ካልቸር፣ በፖርትላንድ ስተምፕታውን የተባሉ ቆዪዎች ተከተሉ። እነዚህ ያመጡት አዲስ ነገር እርሻው ድረስ ሄዶ መግዛትና የገበሬውን ወይም የጣቢያውን ስም ከረጢት ላይ ማተም ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የፒት ኩባንያ ስተምፕታውንን፣ የኢንተሊጀንሺያንም አብዛኛውን ድርሻ ገዛ። ራስን መቻል በዚህ ንግድ ውስጥ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ አንዴ ከተያዘ ለዘላለም የሚኖር አይደለም።

በእኛ አገር ቆልቶ መሸጥ አዲስ አይደለም። ቶሞካ አዲስ አበባ ላይ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆላል። አዲሱ ነገር የአንድ ቦታን ቡና ለብቻው፣ ከቦታው ስም ጋር፣ በትንሽ በትንሹ መቁላት ነው።

ማሽኑ ውስጥ የሚሆነው

ባለ 1 ኪሎ የመቁያ ማሽን እንበል። ከበሮው ወደ 200 ዲግሪ ይሞቅና ጥሬው ይገባል። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ደቂቃዎች ማድረቅ ናቸው፤ ጥሬ ቡና ውስጥ ከ10 እስከ 12 በመቶ ውሃ አለ። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ገለባ ቢጫ ሲለወጥ የሚሸተው እርጥብ ጭድ ነው። ቀጥሎ ትኩስ ዳቦ መሽተት ይጀምራል። ይህ ስኳሩና ፕሮቲኑ የሚዋሐዱበት ጊዜ ነው፤ ቀለሙም፣ የቡና የምንለው ሽታም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ደቂቃ ገደማ፣ የፍሬው ሙቀት ወደ 196 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ውስጡ የታፈነው እንፋሎትና ጋዝ ፍሬውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ቤታችን ምጣድ ላይ ቡናው "መንጣጣት ጀመረ" የምንለው ይኸው ነው፤ ቆዪዎች ፈርስት ክራክ ይሉታል።

የቆዪው ትልቅ ውሳኔ ከዚህ በኋላ ያለችው አጭር ጊዜ ናት። አንድ ደቂቃ ቆይቶ ካወጣው ቡናው ቀላ ያለ፣ ኮምጣጣና ፍሬያማ ይሆናል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ከቆየ ኮምጣጣው ይቀንሳል፣ ጣፋጩና ወፍራሙ ይጨምራል። ወደ 224 ዲግሪ ሲጠጋ ሁለተኛ፣ ቀጠን ያለ መንጣጣት ይሰማል፤ ዘይቱ ላዩ ላይ ይወጣል፣ ጭሱ ይበዛል። ከዚያ ካለፈ የይርጋ ጨፌውም የወለጋውም ቡና አንድ ዓይነት ከሰል ከሰል ይላል። ውድ ጥሬ ገዝቶ እስከዚህ ማድረስ ገንዘብን ማቃጠል ነው። ቡናው ወጥቶም ቶሎ ካልበረደ በራሱ ሙቀት መቆላቱን ስለሚቀጥል፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ በአየር ማራገቢያ ይቀዘቅዛል።

እንግዲህ ማሽኑ ከምጣዱ የሚበልጠው በምንድን ነው? በመደጋገም። ምጣድ ፍሬውን የሚነካው በብረቱ ነው፤ እጅ ካልፈጠነ ላዩ ከስሎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የለመደች እጅ ይህን ትከላከላለች፣ ግን የዛሬውን ቁላት በሚቀጥለው ሳምንት በትክክል መድገም ለማንም ሰው ይከብዳል። ቆዪው በየደቂቃው ያለውን ሙቀት ይመዘግባል፣ ጥሩ የወጣውን ዙር መዝገብ አይቶ ይደግመዋል። ደንበኛው ዛሬ የወደደውን ከወር በኋላም የሚያገኘው በዚህ ነው።

ጎንደር ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። የጋዝ ነበልባል ኦክስጅን ሲያንሰው ይደክማል። ዝቅተኛ አገር የተጻፈ የአቆላል መመሪያ እንዳለ ቢወሰድ አይሠራም፤ ቆዪው የራሱን መጻፍ አለበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከበሮው ይቆማል፣ ብረቱ ግን እንደጋለ ነው። በዚያች ቅጽበት ቡናውን በፍጥነት ካላወጣ ዙሩ ይቃጠላል፣ እሳትም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር እዚህ ከማሽኑ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ጥሬው ኪሎው 600 ብር ቢገዛ፣ 10 ኪሎ 6,000 ብር ነው። ሲቆላ በውሃና በገለባ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ያጣል፤ 8.5 ኪሎ ይቀራል። ከዚያ ተዘርግቶ ይለቀማል። ሳይበስሉ የተለቀሙ ፍሬዎች ሲቆሉ ገርጥተው ይቀራሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ ስኒውን የወረቀት ጣዕም ይሰጡታል። 200 ግራም ያህል ቢወጣ 8.3 ኪሎ ተረፈ። ስለዚህ ኪሎው ገና ሳይታሸግ ወደ 723 ብር ደርሷል፤ ጋዝ፣ መብራት፣ ኪራይ፣ ከረጢት፣ ትራንስፖርትና የሠራተኛ ደመወዝ አልተጨመሩም። ባለ 1 ኪሎ ማሽን 10 ኪሎ ለመጨረስ አሥር ዙር ይፈልጋል፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆሞ መሥራት ነው። ዋጋው እጥፍ የሚሆንበት አብዛኛው ምክንያት እዚህ አለ።

ጀበናና ቀላ ያለ ቡና

ብዙ አዲስ ቆዪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይህ ይመስለኛል። የኦስሎ ወይም የሜልበርን ቆዪዎች የሚያወጡትን በጣም ቀላ ያለ ቡና አይተው እንዳለ ይቀዱታል። ያ ቡና የተቆላው በወረቀት ማጥለያ ቀስ ተብሎ ውሃ እየፈሰሰበት እንዲጠጣ ነው። ጀበና ውስጥ ገብቶ ሲንተከተክ ኮምጣጣው ገንፍሎ ይወጣል። እማማ አንድ ጊዜ ቀምሰው "ይሄ ጥሬ ነው፣ ይጎመዝዛል" ካሉ ሁለተኛ አይገዙም፤ እውነታቸውን ነው።

ለጀበና የሚሆን ስፔሻሊቲ ቡና ሌላ አቆላል ይፈልጋል። ከመጀመሪያው መንጣጣት በኋላ ሁለት ሁለት ተኩል ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ ሁለተኛው ሳይጀምር የሚወጣ። ቀለሙ ደማቅ ቡናማ፣ ላዩ ገና ዘይት ያልያዘው። እንዲህ ሲሆን የቡናው የትውልድ ቦታ ጣዕም አይጠፋም፣ ስኒውም ለለመደ ሰው በቂ ብርታት አለው። አቦሉ ጠንከር፣ ቶናው ለስለስ፣ በረካው ቀጠን ብሎም ደስ የሚል ጣዕም ካለው፣ ቆዪው ሥራውን አውቋል ማለት ነው። ጎንደር ውስጥ በዚህ መንገድ የሚቆላ ሰው፣ የውጭውን ከሚቀዳው ይልቅ ለከተማው ትልቅ ነገር እየሠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሰው ጣዕም አይለወጥም የሚል ካለ የከተማዋን ታሪክ ያስብ። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ ክርስቲያኑ ቡናን ይርቀው ነበር፤ የሚጠጡት በተለይ ሙስሊሞች ነበሩ። ዛሬ በየትኛውም የጎንደር ቤት እንግዳ ሳይጠጣ አይሸኝም።

ሌላም ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር አለ። ቤታችን ቡናው እንደተቆላ ወዲያው ተወቅጦ ይፈላል፤ ቆዪዎቹ ደግሞ ከተቆላ በኋላ ጥቂት ቀን ይረፍ ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። በማጥለያ ወይም በኤስፕሬሶ ማሽን ሲዘጋጅ ጋዙ ውሃው ወደ ዱቄቱ እንዳይገባ ይገፋል፣ ስለዚህ ለማጥለያ ሦስት አራት ቀን፣ ለኤስፕሬሶ ሳምንትና ከዚያ በላይ ማረፉ ይጠቅማል። በጀበና ግን ሙቀጫው ጋዙን ያስወጣዋል፣ መፍላቱ ቀሪውን ይጨርሰዋል።

ቡና በማጥለያ ማዘጋጀት ለሚወድ የጎንደር ሰው ደግሞ ጥሩ ዜና አለ። የማፍያ መመሪያዎች ሁሉ "ከ90 እስከ 96 ዲግሪ" እያሉ ከፈላ በኋላ እንዲጠበቅ ያዝዛሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። እንደፈላ ማፍሰስ ነው፤ መጠበቅ አያስፈልግም።

ከረጢቱ ላይ ምን ይነበብ?

ከሁሉ በፊት የተቆላበት ቀን። "እስከዚህ ቀን ይጠቀሙ" የሚል ብቻ ካለበት፣ መቼ እንደተቆላ ሻጩ ሊነግርዎት አልፈለገም ወይም አያውቅም። ከተቆላ ወር ካለፈው ጣዕሙ መድከም ይጀምራል። የተፈጨ ቡና ደግሞ ከቀናት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ፍሬውን ገዝቶ እቤት መውቀጥ ይሻላል።

ቀጥሎ የቦታው ስም። "የሲዳማ ቡና" ጥሩ ጅማሬ ነው፣ ወረዳና ማጠቢያ ጣቢያ ከተጠቀሰ ደግሞ የበለጠ ያምናሉ። የታጠበ ነው ወይስ ከነገለፈቱ የደረቀ የሚለውም መጻፍ አለበት፤ ጣዕሙን ከቦታው እኩል የሚወስነው እሱ ነው። 74110 ወይም 74112 የሚል ቁጥር ካዩ ግር አይበልዎት። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1974 ከመረጣቸው ዝርያዎች መካከል ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን ይነግራሉ።

"100 በመቶ አረቢካ" የሚለው ጽሑፍ ግን እዚህ አገር ምንም አይጨምርም። የኢትዮጵያ ቡና ሁሉ ማለት ይቻላል አረቢካ ነው። ከረጢቱ ላይ ሌላ መረጃ ሳይኖር ይህ ብቻ በትልቁ ከተጻፈ፣ ገንዘብዎን ለማሸጊያው እየከፈሉ ይሆናል።

ጎንደር ሊያገኘው የሚችል ጎረቤት ቡና

ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ አጠገብ ጣና ውስጥ የገባችው የዘጌ ልሳነ ምድር ለዘመናት ቡና ስታበቅል ኖራለች። አፈ ታሪኩ የቡናውን መነሻ ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋር ያያይዘዋል። በገዳማቱ ሥርዓት እዚያ በበሬ ማረስ ስለማይፈቀድ ደኑ ተጠብቋል፣ ቡናውም በዛፍ ጥላ ስር ያድጋል። ጥላ ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስል ይረዳዋል።

ለትንሽ ቆዪ ትልቁ ዕድል ይህ ይመስለኛል። ከይርጋ ጨፌ ጥሩ ኩንታል ፍለጋ ከትላልቅ ላኪዎች ጋር መሻማት ከባድ ነው፤ ዘጌ ግን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ደረቅ ቡና በየትም አካባቢ የሚያጣው ጥራት በሁለት ነገር ነው። ቀዩን ከአረንጓዴው ሳይለዩ ቅርንጫፉን መላግና መሬት ላይ ማስጣት። ቆዪው በመከር ወራት ራሱ ሄዶ፣ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ተስማምቶ፣ ቀዩን ብቻ ለሚለቅምና ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጠ ለሚያደርቅ በኪሎ ጭማሪ ቢከፍል፣ በአንድ ዓመት ልዩነቱ ስኒ ላይ ይታያል። ጭማሪው አስቀድሞ ካልተከፈለ ግን ነገሩ አይሠራም። ቀዩን ብቻ መልቀም ማለት አንድ ዛፍ ላይ ሦስትና አራት ጊዜ መመለስ ነው፤ ያን ድካም ነፃ የሚሠራ ሰው የለም፣ ሊጠየቅም አይገባም።

ለመሞከር የሚፈልግ ጠጪ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ሩብ ኪሎ ይግዙ፣ የተቆላበትን ቀን ይጠይቁ፣ ለጀበና እንደሚፈልጉት ይንገሩ። ከለመዱት የገበያ ቡናም እንደ ወትሮው ይቁሉ። ሁለቱን በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ዓይነት ውሃ፣ በሁለት ጀበና ያፍሉና ስኒዎቹን የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይናገሩ ለቤተሰቡ ያቅርቡ። ስኳር ሳይገባ አንድ ፉት ይበል ሁሉም፣ ከዚያ ለብ እስኪል ይጠብቅና ደግሞ ይቅመስ። መጥፎ ቡና በትኩስነቱ ይደበቃል፣ ሲበርድ ግን መራራነቱና የወረቀት ጣዕሙ ይወጣል፤ ጥሩው ሲበርድ ጣፋጩ ይጎላል። ልዩነት ካላገኙ ቆዪው ጋ ተመልሰው ይንገሩት። የትኛው ዙር እንደነበር መዝገቡን አውጥቶ የሚያይ ከሆነ ደንበኝነትዎ የሚገባው ሰው ነው።